ሁዲዬን ማን አወለቀው?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለንደን ውስጥ ፒየር ሎምባር የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጭ አንድ ትልቅ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ፈረሰኛ ቀረጸ። ሰውየው የብረት ልብስ ለብሷል፣ ፈረሱ ግርማ አለው፣ አጠገቡ አንድ አሽከር ቆሟል። አቀማመጡ የተወሰደው ቫን ዳይክ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቀዳማዊ ቻርልስ ከሣለው ሥዕል ነው። ፈረሱ ላይ ያለው ፊት ግን የንጉሡ አይደለም። በ1649 ንጉሡ አንገቱን እንዲቆረጥ ከፈረዱት ሰዎች ዋናው፣ የኦሊቨር ክሮምዌል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሰሌዳው ላይ ጭንቅላቱ ብቻ እየተፋቀ ሌላ ተቀርጾበታል። በዚያው አካልና በዚያው ፈረስ ላይ የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ፊት ያለባቸው ኅትመቶች አሉ፤ የራሱ የቻርልስ ፊት ያለባቸውም አሉ። ጭንቅላት ጨርሶ የሌለውም አለ፣ ከአንገት በላይ ባዶ ወረቀት። ሰብሳቢዎች ሥራውን “ጭንቅላት የለሹ ፈረሰኛ” ይሉታል።

እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ የምሠራው ሶፍትዌር ነው፣ ስለ ሥነ ጥበብ ታሪክ አንድም ክፍል ገብቼ አላውቅም። እዚህ ውስጥ የገባሁት የሆላንዱ ሪክስሙዚየም ስብስቡን በኤፒአይ ክፍት ስላደረገው ነው። ለልምምድ ምስል የሚያወርድ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ፣ ከዚያ ማታ ማታ ኮዱን ትቼ ምስሎቹን ማየት ጀመርኩ። የሎምባርን ፈረሰኛ ሳገኝ ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ምክንያቱም ነገርዬውን አውቀዋለሁ። ቴምፕሌት ነው። አካሉ ቋሚ፣ ጭንቅላቱ ቫሪያብል።

አንድ ነገር ግን አለ። ክሮምዌልም ሉዊም ቻርልስም በሰው ፈረስ ላይ ቢቀመጡ ምንም አልጎደለባቸውም። ሌላ መቶ ምስል ነበራቸው። እኔን ያሳሰበኝ አንድ ምስል ብቻ የነበራቸው ሰዎች ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ጉዳዩ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ። በዘይት ቀለም የተሣለ ሥዕል አንድ ነው፤ የባለጸጋ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያየው ያየዋል። ከመዳብ ሰሌዳ ግን በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ይወጣል፣ በመጽሐፍ ውስጥ ይገባል፣ በሱቅ ይሸጣል፣ ባሕር ይሻገራል። በባሮክ ዘመን፣ ማለትም ከ1600 ገደማ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አንድ ሰው በሩቅ አገር መልኩ የሚታወቀው በዚህ ነበር። ቅርጹም የተለመደ ነው፦ እንደ መስኮት ያለ ሞላላ ክፈፍ፣ ውስጡ ከደረት በላይ ሰው፣ ከሥሩ ጽሑፍ። ስም፣ ማዕረግ፣ ዕድሜ፣ አንዳንዴም ስንኝ። ዛሬ ፕሮፋይል የምንለው በቃ ይኸው ነው።

ቀራጩ ሹል የብረት መቅረጫ ይዞ መዳቡን ይጭራል። የተጫረው ቦታ ቀለም ይይዛል፤ ያልተጫረው ወረቀቱን እንዳለ ይተወዋል። ይህን ለጥቂት ጊዜ አስቡት። የነጭ ሰው ጉንጭ ማለት ቀራጩ እጁን ያሳረፈበት ቦታ ነው። የጥቁር ሰው ጉንጭ ማለት መስመር በመስመር ላይ ተጣርሶ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ሰዓት የሚበላ፣ እጅ የሚፈትን። ችሎታ ወይም ትዕግሥት ያነሰው ቀራጭ ፊቱን አንድ ወጥ ጥቁረት አድርጎት ያልፋል፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ቀራጮቹ ሁሉ ክፉዎች ነበሩ እያልኩ አይደለም። እኛ ሥራ ውስጥ “ዲፎልት” የምንለው፣ ማንም ምንም ሳይሞላ ሲቀር በራሱ የሚገባው ዋጋ ነው። የመዳቡ ዲፎልት ነጭ ነበር። (በ1642 ሉድቪግ ፎን ዚገን የሚባል ሰው ሜዞቲንት የሚሉትን ዘዴ ይዞ መጣ። ዘዴው ኋላ ሲዳብር ሰሌዳው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ጥቁር እንዲያትም ተደርጎ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ብርሃኑ እየተፋቀ ይወጣል። ዲፎልቱ ተገለበጠ ማለት ነው። የዓለም አመለካከት ግን አብሮ አልተገለበጠም።)

ሰነፍ ያልነበረ አንድ ሰው ልጥቀስ። የፕራግ ልጅ ቬንስስላውስ ሆላር በ1640ዎቹ አንትወርፕ ውስጥ ሆኖ የጥቁር ወጣቶችን ፊት በትናንሽ ወረቀት ላይ ሠርቷል። እሱ መዳቡን የሚያስበላው በአሲድ ነው፤ መርፌው ቀለል ያለ ስለሆነ እንደ ብዕር ይሄዳል። ከነዚህ ውስጥ አንዷ ልጅ አለች። ግንባሯ ላይ ብርሃን አርፏል፣ ከንፈሯ ጥግ አንድ ነገር ልትል ያለች ትመስላለች። መንገድ ላይ ባገኛት የምለያት ይመስለኛል። ከሥሯ የተጻፈው ግን የሆላር ስምና ዓመቱ ነው። የሷ ስም የለም።

ሆላርን ካየሁ በኋላ ምስሎቹን ሁሉ በሁለት ነገር ማየት ጀመርኩ፦ የፊቱ ቦታ ላይ ምን ገባ? የስሙ ቦታ ላይስ ምን ገባ? አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲሞላ አንዱ ይጎድላል።

ስሟ ሞልቶ የተረፈላት ፖካሆንታስ ናት። የዲዝኒዋን እርሱት። በ1616 የቨርጂኒያ ኩባንያ ለንደን ያመጣት የ21 ዓመት ወጣት እናት ናት። ሲሞን ፋን ደ ፓሰ የሚባል የደች ቀራጭ ቀረጻት። ረጅም የወንድ የሚመስል ባርኔጣ፣ ደረቅ ብሎ የቆመ የዳንቴል አንገትጌ፣ በእጇ የሰጎን ላባ ማራገቢያ። በሕይወት እያለች የተሠራላት ብቸኛ ምስል ይኸው ነው። ዙሪያውን የተጻፈው ማቶአካ ይላታል፣ ሬቤካም ይላታል፣ የኃያሉ የፖውሃታን ልጅ ይላታል፤ ክርስትና መነሳቷንና የማን ሚስት እንደሆነችም ይጨምራል። ኩባንያው ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ይፈልግ ነበር፤ “እዩ፣ እነዚህ ሰዎች እንደኛ ይሆናሉ” ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይገኝም።

ግን ፊቷን እዩት። ጉንጯ ያበጠ አጥንት ነው፣ ዓይኖቿ የደከሙ ናቸው፣ ለማንም ፈገግ አላለችም። ፋን ደ ፓሰ ልብሱን እንደታዘዘው ሠራ፤ ፊቱን ግን ያየውን ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ወደ አገሯ ልትመለስ መርከብ ከተሳፈረች በኋላ፣ ግሬቭዘንድ ላይ ሞተች። ከዚያ አንድ ያልታወቀ ሠዓሊ ኅትመቱን አይቶ በዘይት ቀለም ገለበጠው። ቆዳዋን አፈካው፣ የፊቷን አጥንት አለዘበው፣ በዚያ ላይ የባሏን ስም ተሳሳተ፤ ጆን መባል የነበረበትን ቶማስ አደረገው። ቶማስ ልጇ ነው። ኮፒ ፔስት እንኳን በሥርዓት አልተደረገም።

በ1710 ለንደን የመጡትን “አራቱን የሕንድ ነገሥታት” በአጭሩ ላልፋቸው፣ ምንም እንኳ ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ ቢገባቸውም። ሦስቱ ሞሆክ፣ አንዱ ማሂካን ነበሩ፤ ነገሥታት አልነበሩም። ፈረስልት የሚባል ሠዓሊ ሣላቸው፣ ጆን ሳይመን በሜዞቲንት አባዛቸው። ከእግራቸው አጠገብ ድብ፣ ተኩላ፣ ኤሊ አለ። የለንደን ገዢ “የጫካ ሰው ከነአውሬው” ብሎ ሳያየው አይቀርም። ለነሱ ግን ድቡ፣ ተኩላውና ኤሊው የጎሣቸው ስም ነው፤ የቤተሰብ ስምን እንደመጻፍ ያለ። አንዱ ምስል፣ አንዱ እንስሳ፣ ለአንዱ ተመልካች ተረት ለሌላው መታወቂያ።

አሁን ወደምወደው ሰው ልግባ።

አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ ዛሬ ሴኔጋል በሚባለው አካባቢ፣ ቡንዱ በሚባል አገር፣ ከእስልምና ሊቃውንት ቤተሰብ የተወለደ ነው። በ1730 ገደማ ወደ ወንዙ ወረደ። ለምን? ሁለት ባሪያዎች ለእንግሊዝ መርከብ ሊሸጥ። ይህን ብዙ ሰው ሲተርከው ይዘለዋል፤ እኔ አልዘለውም። ሲመለስ እሱ ራሱ ተያዘና ለዚያው መርከብ ካፒቴን ተሸጠ። ሜሪላንድ የትምባሆ እርሻ ላይ ደረሰ። ለአባቱ በአረብኛ የጻፈው ደብዳቤ አባቱ ጋ ሳይደርስ ለንደን ደረሰ፣ ያነበቡት ሰዎች ተገረሙ፣ ገንዘብ ተዋጣለት፣ በ1733 ለንደን ገባ። እዚያ ቁርኣንን ከነሙሉው በቃሉ ሦስት ጊዜ ጻፈ።

ዊልያም ሆር የሚባል ሠዓሊ ሊሥለው ተቀመጠ። ታሪኩን ቶማስ ብሉት የተባለ አብሮት የነበረ ሰው በ1734 መጽሐፍ አድርጎታል። ፊቱ ካለቀ በኋላ ምን ልብስ ይሁን ሲባል፣ ዲያሎ በአገሬ ልብስ ይሁን አለ። ሠዓሊው ያላየሁትን ልብስ እንዴት እሥላለሁ ብሎ ተከራከረ። ዲያሎም እንዲህ ሲል መለሰለት፦ አይታችሁ የማታውቁትን ልብስ መሣል ካልቻላችሁ፣ ማንም አይቶት የማያውቀውን እግዚአብሔርን እንዴት ደፍራችሁ ትሥላላችሁ?

እንዴ! ሰውየው እኮ ባርነት ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው የመጣው። የተዋጣለት ገንዘብ እዚያው ክፍል ውስጥ ባሉ ሰዎች እጅ ነው። ቢሆንም የመልኩ ጉዳይ ላይ አልተደራደረም። ሥዕሉ ላይ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ አንገቱ ላይ መጽሐፍ በቀይ መያዣ አንጠልጥሎ ይታያል፤ በእጁ ከጻፋቸው ቁርኣኖች አንዱ እንደሆነ ይታመናል። በጊዜው ከነበሩት የጥቁር ሰው ምስሎች አብዛኛዎቹ ላይ ያለው ጥቁር፣ የአንዲት እመቤት ጃንጥላ ይዞ ወይም ፍራፍሬ አቅርቦ ጥግ ላይ የቆመ ልጅ ነው። ዲያሎ መሀል ላይ ብቻውን ነው፣ ወደኛ ያያል።

ሆር ሥዕሉን በኅትመትም አወጣው። እዚህ ላይ የስሙ ቦታ መጣ። አዩባ “ጆብ” ሆነ፤ የቦንዳ “ሊቀ ካህናት” የሚል ማዕረግም ተጨመረ። ማዕረጉ የሱ ይሁን የአባቱ ከአጻጻፉ አይለይም። አንድ የእስልምና ሊቅ በአማርኛችን ሊቀ ካህናት ሲባል መገመት ትችላላችሁ፤ በእንግሊዝኛውም ያው ነው። ልብሱን አሸንፎ አስከበረ። ጽሑፉ ግን የሱ እጅ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለምን እንደማወራ አሁን ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ ሆኜ የምሠራለት የውጭ ድርጅት ዓምና “ስለ እኛ” የሚለውን ገጽ አደሰ። ሁላችንም ፎቶ ላክን፣ አንድ ሠዓሊ ወደ ሥዕል ቀየረው። እኔ የላክሁት ግራጫ ሁዲ ለብሼ፣ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስሬ፣ መነጽሬን እንዳደረግሁ ነው። ማለትም እንደማንኛውም ማክሰኞ። ገጹ ሲወጣ የሊዝበኑ ልጅ በቲሸርቱ ነው። የክራኮዋ ልጅ በሹራቧ ናት። እኔ ሀበሻ ቀሚስ ለብሻለሁ። አንገቱ ላይ ጥለት አለ፣ ፀጉሬ ሹሩባ ተሠርቷል፣ ከኋላዬ ጀበና አለ። መነጽሬ የለም። ከሥሩ ለሌሎቹ ከተማቸው ተጽፏል። ለኔ “አፍሪካ” ይላል።

ሥዕሉ አስቀያሚ ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ቆንጆ ነው። ሰውየው ጥለቱን ተጨንቆበታል፣ የሆነ ቦታ ፈልጎ አይቶ ነው የሠራው።

እናቴ ደግሞ አየችው። እኅቴ ናት ያሳየቻት። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ሹሩባ ተሠርቼ አላውቅም፤ ሀበሻ ቀሚስ የምለብሰው ለሠርግ ነው፣ እሱንም ተለምኜ። እናቴ ስልኳን ራቅ አድርጋ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። “አየሽ፣ ይሄ ነው መልክሽ” አለችኝ። “እነዚያ ፈረንጆች እንኳን ያውቁሻል።” በዚያው ቀን የራሷን ፎቶ አንሥታ የኔን ሥዕል የቴሌግራም ፕሮፋይሏ አደረገችው።

ምን ልበላት? ጥቁር ገረዶች ጥግ ላይ ስለሚቆሙበት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኅትመት ላስረዳት? ሞክሬ ነበር፣ እውነቴን ነው። የዲያሎን ታሪክ ነገርኳት። በጣም ወደደችው። “ይኸው፣ እሱ እንኳን የአገሬን ልብስ አልብሱኝ አለ፣ አንቺ በነጻ ቢያለብሱሽ ታኮርፊያለሽ” ብላ ዘጋችኝ። እሱ ጠይቆ ነው እኮ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ ስላት “ብትጠየቂ ያንን ከረጢት ነበር የምትመርጪው” አለች። ሁዲዬን ማለቷ ነው። ትክክል ናት፣ ያንን ነበር የምመርጠው።

ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። መልሱ ጨዋ ነበር፣ ባህልሽን ልናከብር ፈልገን ነው የሚል። ጽሑፉን በማግሥቱ ቀየሩት፣ አሁን “አዲስ አበባ” ይላል። ልብሱን መቀየር ከፈለግሽ ሠዓሊው እንደገና ይሠራዋል አሉኝ። እስካሁን እሺም እንቢም አላልኩም። ገጹን በከፈትኩ ቁጥር የማላውቃት ቆንጆ ልጅ በኔ ስም ሥር ተቀምጣ ታየኛለች፤ ቴሌግራም ስከፍት ደግሞ ያቺው ልጅ እናቴን ሆና “ምሳ በላሽ?” ትለኛለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ትንሽ ዘግይቼ፣ የኛን ሰው የፈለግሁት።

አባ ጎርጎርዮስ ዛሬ ወሎ በምንለው አገር ከመካነ ሥላሴ የተነሱ ካህን ናቸው። በ1649 ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ በሳንቶ ስቴፋኖ ሳሉ፣ ግእዝ ለብቻው ከመጻሕፍት የተማረ አንድ ወጣት ጀርመናዊ መጥቶ አገኛቸው። ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። (ሂዮብ ማለት ኢዮብ ነው፣ አዩባም ያው። ስሞች ሲዞሩ ይገርመኛል።) በ1652 ጎታ ወደሚገኘው ወደ መስፍን ኤርንስት ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሄዱ፤ እዚያ ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ስለ አገሩ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ቋንቋው። ከዚያ ምንጭ የ1681ዱ የኢትዮጵያ ታሪክ ወጣ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተመ። እኔ አሁን በምጽፍበት ቋንቋ የተዘጋጀ የመጀመሪያው የታተመ ሰዋስው ነው።

ምስላቸውም ታተመ፤ ሉዶልፍ በ1691 ፍራንክፈርት ላይ ባወጣው የታሪኩ ማብራሪያ መጽሐፍ ውስጥ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮባቸው ባሕር ላይ ሞተዋል። 33 ዓመት። ይህ ልብስ የኔ አይደለም፣ ግንባሬ እንዲህ አይደለም፣ ስሜ እንዲህ አይጻፍም ለማለት ሰው አልነበረም። እሳቸውን በአካል ያላየ የአውሮፓ አንባቢ ሁሉ “ሐበሻ ካህን” ማለት ይኼ ነው ብሎ መጽሐፉን ዘጋ።

ከምስሉ ፊት ብዙ ተቀመጥኩ። እውነተኛው የት ጋ እንደሆነ፣ ከመዳቡ የቱ መስመር የሳቸው እንደሆነ ለመለየት። አልተለየኝም። ፖካሆንታስ ፊት ለፊት ተቀምጣለታለች፣ ዲያሎ ተከራክሯል። እሳቸው ያላቸው ሌላ ነገር ነው። ለሉዶልፍ በግእዝ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮም በኅትመት ይገኛሉ።

እኔ ግእዝ አላውቅም። አጎቴ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልለታለሁ፣ ስልኩ ላይ የላክሁለትን ገጽ መነጽሩን አድርጎ ያነብልኛል፣ እኔ የገባኝን እጽፋለሁ። አንዳንድ ቃል ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ለራሱ ደግሞ ያነበዋል። አንዱን ደብዳቤ ለመጨረስ ሁለት እሑድ ፈጀብን። ባለፈው፣ ጋሼ የሰውየው ሥዕል እኮ አለ፣ አሁን ልላክልህ ወይ አልኩት።

“ቆይ” አለኝ። “መጀመሪያ የጻፉትን ልጨርስ። መልካቸውን ኋላ አየዋለሁ።”